«አትፈሪም?»፦ የሳይካትሪ ነርስ ሥራ ምንድን ነው? ለማንስ ይሆናል?

የሳይካትሪ ማለትም የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ ሥራዬን በነገርኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «አትፈሪም?» የሚል ነው። ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ላይም ተጠይቄዋለሁ። ተከትሎ የሚመጣው ደግሞ «ለመሆኑ ምን ታደርጉላቸዋላችሁ? መርፌ ወግታችሁ ማስተኛት ነው አይደል?» የሚለው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሌላም ጥያቄ ይመጣልኛል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ልጆችና በሌላ ክፍል የሚሠሩ ነርሶች «ሳይካትሪ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?» ይሉኛል። ሥራው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይህን መመለስ ስለማይቻል ከሥራው ልጀምር።

«ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም»

ከዓመታት በፊት አንድ ማለዳ አባትና አጎት አንድ ወጣት ደግፈው ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ገቡ። የልጁ አንገት ወደ ግራ ትከሻው ተጠምዝዟል። ዓይኖቹ ወደ ላይ ተሰቅለው ነጩ ብቻ ይታያል። መንጋጋው ተቆላልፎ ምራቁ በአገጩ ይወርዳል። አባትየው ገና ከበሩ ሳያልፉ «መድኃኒት ብለሽ ሰጠሽው፤ ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። እናቱ ደጅ ቆመው ያለቅሳሉ።

ልጁ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማ ስለነበር በዋዜማው ሃሎፔሪዶል የሚባል መድኃኒት ጀምሯል። የገጠመው ነገር ዲስቶኒያ ይባላል። መድኃኒቱ የሚሠራው ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል በመግታት ነው፤ ያው ኬሚካል ግን የጡንቻን እንቅስቃሴም ያስተካክላል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአንገት፣ የዓይንና የምላስ ጡንቻ ሳይታዘዝ ይጨመደዳል። በጣም ያማል፤ ከሕመሙ የበለጠ ያስፈራል። ሕመምተኛው የሚባለውን ሁሉ እየሰማ መናገር ብቻ ያቅተዋል። እኔም መርፌው እስኪዘጋጅ እጁን ይዤ «እንደምትሰማኝ አውቃለሁ። መድኃኒቱ ነው እንዲህ ያደረገህ፤ ይለቅሃል፤ አልሄድም» አልኩት። የፕሮሜታዚን መርፌ ከተሰጠው በኋላ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን አንገቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። አባትየው ወንበር ስበው ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። መድኃኒቱ ትክክል ነው፤ መጠኑም ትክክል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ሊያጋጥም እንደሚችልና ካጋጠመም ሳይደናገጡ ፈጥነው እንዲያመጡት በዋዜማው አልነገርኳቸውም። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቸኮልኩ። እነዚያ ወላጆች ያን ቀን ልጃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ቦታ ቢሄዱና ዳግም ባይመለሱ ማን ይፈርድባቸዋል? ከዚያ ወዲህ ይህን መድኃኒት ሳስጀምር አንገቴን ራሴ አጣምሜ አሳያቸዋለሁ። «እንዲህ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን አምጡት» እላለሁ። ማየት፣ ማከም፣ ማስረዳት፣ ከዚያም አለመሄድ፤ ሥራዬ እነዚህን አራት ነገሮች አንድ ላይ መያዝ ነው።

በዋርድ ውስጥ

ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ባሉበት ክፍል ቀኑ የሚጀምረው በርክክብ ነው። የሌሊቱ ተረኛ ለቀኑ ተረኛ ማን እንዳልተኛ፣ ማን ምግብ እንደመለሰ፣ ማን ለብቻው እንደሳቀ ይነግራል። እንቅልፍ እዚህ ከሙቀትና ከደም ግፊት እኩል ይታያል። ስሜቱ ከልክ በላይ የሚወጣና የሚወርድበት ባይፖላር የተባለ ሕመም ያለበት ሰው ሁለት ሌሊት ሦስት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ በማግስቱ ትኩስ ሆኖ ከተነሣ፣ ሕመሙ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል። ሳይካትሪስቱ፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪሙ፣ ሕመምተኛውን በጉብኝት ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ያየዋል፤ እኛ ሙሉ ፈረቃ አብረነው እንውላለን። የሐኪሙ ውሳኔ የሚቆመው እኛ ባየነውና በጻፍነው ላይ ነው። «በሽተኛው ረበሸ» ብሎ መጻፍ ምንም አይነግርም። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሥቶ መስኮቱን እየመታ ‹ይጠሩኛል› አለ፤ ውኃ ሰጥቼው አብሬው ስቀመጥ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተረጋጋ» የሚለው ግን ለሐኪሙም ለሚቀጥለው ተረኛም መንገድ ያሳያል።

መድኃኒት መስጠት ቀላል ይመስላል። ክኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ ሽንት ቤት የሚተፋ ሕመምተኛ ግን ብዙ ነው። ጀማሪ ነርስ ይህን እንደ ተንኮል ያየዋል፤ ቆይቶ ነው «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የሚለመደው። አንዱ ወፍሮበታል፤ አንዷ አፏ እየደረቀ መናገር አቅቷታል፤ አንዱ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር መተኛት ተስኖት ለማንም መናገር አፍሯል። ምክንያቱ ሲታወቅ መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። የተጠየቀ ሰው ይናገራል። የሚያፍሩበትን ነገር ሳያሸማቅቁ መጠየቅም ከሌላው ክህሎት እኩል የሚሠለጠኑበት ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው፣ ጤና ባለሙያም ጭምር፣ «ከጠየቅኩት ሐሳቡን አስታውሰዋለሁ» ብሎ ይሰጋል። እውነቱ ሌላ ነው፤ በቀጥታና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥረውም፤ ብዙዎች እንዲያውም «የሚጠይቀኝ አጥቼ ነበር» ይላሉ። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ስሜቱ እስኪሻሻል ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይፈጃል፤ ጉልበቱ ግን ቀድሞ ሊመለስ ይችላል። ሦስት ሳምንት ከአልጋ ያልተነሣች ሴት አንድ ቀን ጸጉሯን አበጥራ ስትቀመጥ ቤተሰብ እልል ይላል። እኛም ደስ ይለናል፤ በዚያው ሳምንት ግን፣ ራስን የማጥፋቱ ሐሳብ ሳይለቃት ጉልበቷ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ክትትላችንን እናጠብቃለን።

ብቻዋን የምትሠራዋ ነርስ

እስካሁን ያልኩት ሳይካትሪስት ባለበት ትልቅ ሆስፒታል ለሚሠራ ሰው ነው። በአገራችን ግን ሳይካትሪ ነርስ የተፈጠረችው ከዚህ ለበለጠ ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የነበሩት ሳይካትሪስቶች ጥቂት ነበሩ፤ እነርሱም ውጭ አገር የተማሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ በአማኑኤል ነርሶችን ለአንድ ዓመት በሳይካትሪ ማሠልጠን ተጀመረ። ሳይካትሪስቶችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭ የአእምሮ ሕክምናን በትከሻቸው ይዘው የቆዩት ነርሶች ናቸው፤ ይህ ታሪክ በደንብ እንዲነገር እፈልጋለሁ። ዛሬም በብዙ የወረዳና የዞን ሆስፒታል ያለው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሳይካትሪ ነርስ ነው። ሕመሙን ትለያለች፣ መድኃኒት ታዛለች፣ ትከታተላለች፣ ቤተሰብ ታስተምራለች። የሚጥል በሽታ ያለባቸውም ሰዎች ወደ እርሷ ነው የሚላኩት።

ፍላጎቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ሥራ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 በቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ። ካገኟቸው ሕመምተኞች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር።

ብቻዋን የምትሠራ ነርስ የምትፈራው አንድ ስሕተት አለ፤ የአካል ሕመምን የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ ማከም። ከቆላ የመጣ፣ ድንገት መቀባዠር የጀመረ ሰው አንጎሉን ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል። ማጅራት ገትር፣ የደም ስኳር መውረድ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት ሁሉም እንደ እብደት መስለው ይመጣሉ። ስለዚህ «ያበደ» ተብሎ የመጣን ሰው መጀመሪያ ሙቀቱን፣ የልብ ምቱን፣ ስኳሩን እንለካለን። ከቀዶ ሕክምና ክፍልም ጥሪ ይመጣል። እግሩ ተሰብሮ የተኛ ገበሬ በሦስተኛው ቀን «ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል» እያለ ይጮኻል። ወደ ዘመዱ ዞር ብዬ «አረቄ ያዘወትራሉ?» እላለሁ። «ኧረ በየቀኑ!» መጠጡ ሆስፒታል ሲገባ ተቋርጧል፤ አንጎሉ ያንን አልቻለም። በጊዜው ካልታከመ የሚገድል ነገር ነው፤ በዳያዜፓምና በቫይታሚን ቢ1 ሲታከም ደግሞ ሰውየው በጥቂት ቀናት ውስጥ የሆነውን ሳያስታውስ «እግሬ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ጊዜ ለክትትል የሄድኩበት የገጠር ቤት ወንድ ልጅ ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታስሮ አገኘሁ። ቁልፉን አባቱ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል። እንዲህ ያለውን ሲያይ ሰው መቆጣት ይቀናዋል። እኔም ተቆጥቼ ነበር፤ ሰውየው ግን ልጁ ሁለት ጊዜ ሌሊት ወጥቶ ወንዝ ዳር እንዳገኙት፣ ጅቡንም እንደሚፈሩ ሲነግሩኝ ቁጣዬ ቦታ አጣ። ያሰሩት እንዳይሞትባቸው ነው። «ፍቱት» አላልኩም። መድኃኒት ጀመርንና በየሁለት ሳምንቱ ተመለስኩ። መጀመሪያ ለምሳ ተፈታ፣ ከዚያ ቀን ቀን፣ ከወራት በኋላ ሌሊትም። አባትየው ቁልፉን ያወለቁት እኔ ስለነገርኳቸው አልነበረም፤ ልጁ ከብት አግዶ ማታ በራሱ እግር ስለተመለሰ ነው።

እንግዲህ ስለ ፍርሃቱ

እውነቱን ልናገር። በአጣዳፊ ክፍል የሚሠራ ሰው ሊሰደብ፣ ሊተፋበት፣ አልፎ አልፎም ሊመታ ይችላል፤ ይህን ደብቆ ወጣት ወደ ሙያው መጋበዝ በደል ነው። በሌላ በኩል የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም፤ በየመንገዱ ድንጋይ የሚወረወረው እነርሱ ላይ ነው። የሚቆጣ ሕመምተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈራ ሰው ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው በአብዛኛው የሰውን ፍርሃት መቀነስ ነው። ከክንድ ርቀት በላይ መቆም፣ በሩን አለመዝጋት፣ ከኋላ አለመምጣት፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይናገር አንድ ሰው ብቻ እንዲያነጋግር ማድረግ። ሻርፕና የአንገት ሐብል ለብሰን አንገባም። በግድ መያዝና ማሰር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከተደረገም በየጥቂቱ እየተመለሱ እጅ እግሩ እንዳልደነዘዘ፣ ውኃ እንዳልጠማው፣ ሽንት ቤት እንዳላስፈለገው ማየት ግዴታ ነው። ሲረጋጋም ቁጭ ብሎ «ያን ጊዜ ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን የመጨረሻውን ነገር ሲዘለል አይቻለሁ፤ ሕመምተኛው ሳይረሳው ለዓመታት ይዞት ይኖራል።

አክብሮትም ያረጋጋል። ለዓመታት «አንተ እብድ» ሲባሉ የኖሩ ትልቅ ሰው «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ሲባሉ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ነገር በቃላት መግለጽ አልችልም።

ጸበል፣ ሰላምታና ሌሎች የአገር ቤት ጉዳዮች

ትምህርቱ ሁሉን አያስተምርም። ወደ እኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ ጸበል ሞክረው የመጡ ናቸው፤ ወይም ነገ የሚሄዱ። «ጸበል አትሂዱ» የምትል ነርስ ሕመምተኛዋን ታጣዋለች፤ እምነቱንም ትደፍራለች። የሚሠራው «ሂዱ፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ» ማለትና አመቺውን ሰዓት አብሮ መፈለግ ነው። ለሚጾም ሰው ክኒኑን ወደ ማታ ማዞር፣ በረመዳን ከማፍጠሪያ በኋላ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ለባይፖላር ሕመም የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊከማችና ሊመርዘው ስለሚችል፣ ከጾሙ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ ሰላምታ ነው። በትንሽ ከተማ ሕመምተኛዬን ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። ሰላም ካልኩት አብሮት ያለው ሰው «ከየት ትተዋወቃላችሁ?» ይላል፤ ዝም ካልኩ ደግሞ በኛ አገር ደንብ ንቄዋለሁ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ውጭ ስንገናኝ አንተ ሰላም ካላልከኝ ቀድሜ አልልህም፤ ንቄህ እንዳይመስልህ» እላለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ እፎይታቸው ግን ያስታውቃል።

ለእናንተ ይሆናል?

ደፋር መሆን ብዙም አይጠቅምም። «ሆዴ ቡቡ ነው» ማለትም ብቻውን አይበቃም፤ እንዲያውም በሰው ሐዘን ሁሉ አብሮ የሚሰምጥ ሰው ሁለት ዓመት ሳይቆይ ይደክማል። እኔ በዚህ ሥራ ሲበረቱ ያየኋቸው ሰዎች የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ፊታቸው አይለዋወጥም። ትናንት የሰደባቸውን ሰው ዛሬ በትናንቱ ፊት «ደኅና አደርክ?» ይሉታል። ይህ ጠባይ አብሮ ተወልዶ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ይለመዳል፤ ሊለምደው የማይፈልግ ሰው ግን አለ።

ፈጣን ውጤት የሚያስደስታችሁ ከሆነ ማዋለጃ ክፍል ወይም ቀዶ ሕክምና ይሻላችኋል፤ ምንም የሚያሳፍር የለበትም። እዚህ የዓመት ልፋት አንድ ወር መድኃኒት ሲቋረጥ ሊፈርስ ይችላል፤ መድኃኒቱ የተቋረጠውም መደብሩ ውስጥ ስላለቀ ሊሆን ይችላል። ጫት ያቆመ ልጅ ተመልሶ ይጀምርና ድምፆቹ ይመለሱበታል። ዝምታ የሚያስጨንቃችሁ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ምክር የሚቀናችሁ ከሆነ ብዙ መታገል ይጠብቃችኋል። «አይሆንም» ማለት የሚያቅታችሁም እንዲሁ፤ ገንዘብ የሚለምን፣ ሌሊት ስልክ የሚደውል፣ «ከአንቺ በቀር ሰው የለኝም» የሚል ሕመምተኛ ይመጣል። ድንበር ማበጀት ጭካኔ ሳይሆን እርሱን ነገም ለማከም የሚያስችል ነገር ነው።

በቤታችሁ የአእምሮ ሕመም ካለ፣ ወይም ራሳችሁ ታማችሁ ከተሻላችሁ፣ በሩ አልተዘጋባችሁም። ከማከብራቸው ባልደረቦች መካከል እንዲህ ያሉ አሉ። ነገር ግን የእናታችሁን ሕመም በእያንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ ልታክሙ አትግቡ፤ የራሳችሁን ጉዳይ የምታወሩት ሰው ቀድሞ ይኑራችሁ።

ቤተሰብም ይከራከራችኋል። እናቴ ስትሰማ «ልጄ፣ ሌላ ትምህርት ጠፋ?» ነበር ያለችው፤ በሽታው የሚጋባ መስሏት ነበር። አይጋባም። ደመወዙ ከሌላ ነርስ እምብዛም እንደማይለይም አስቀድማችሁ እወቁ።

መንገዱን በአጭሩ ልንገራችሁ። እንደ ጅማና ጎንደር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች በሳይካትሪ በመጀመሪያ ዲግሪ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጎንደር ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር፣ ጅማም በበኩሉ፣ በአእምሮ ጤና የማስተርስ ትምህርት ጀምረዋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ነርስ ከሆናችሁ በኋላ በማስተርስ ደረጃ በአእምሮ ጤና ናርስ ፕራክቲሽነር (የላቀ ሥልጠና ያለው ነርስ) መሆን ትችላላችሁ፤ እንደ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ባሉ ቦታዎች በራስ ፈቃድ ሕመም ለይቶ መድኃኒት ማዘዝ ይፈቀዳል። በዚያ አማርኛ የሚችል ባለሙያ ያለው ዋጋ ትልቅ ነው። የኛ ሰው «ድባቴ ያዘኝ» ብሎ አይጀምርም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል» ይላል። ይህ ቃል በቃል ሲተረጎም ሕመምተኛው ወደ ልብ ሐኪም ይላካል።

ለመወሰን የተቸገራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ለተግባር ልምምድ ሳይካትሪ ክፍል ስትመደቡ ብዙ የሚያወራውንና የሚያስቀውን ሕመምተኛ ተዉት፤ እርሱ ጋ ሁሉም ይሄዳል። ጥግ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ምረጡ። ስማችሁን ነግራችሁት፣ ፈቅዶላችሁ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጡ። ካልተናገረ አታናግሩት። በመጀመሪያው ቀን ሰዓታችሁን ደጋግማችሁ ታያላችሁ፤ ሁሉም ያያል። ከሳምንት በኋላ ዋርዱ እንደገባችሁ ሳታስቡት የሌሊቱን ተረኛ «ያ ልጅ ተኝቶ አደረ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ማመልከቻውን ሙሉ።